ከመጠምጠም መማር ይቅደም፦ በትንሽ ብር የማስተርስ ላፕቶፕ ለምትገዙ

ሰሞኑን ኢንቦክሴ በአንድ ዓይነት ጥያቄ ተሞልቷል። "ሰላም መምህር፣ እንዴት ሰነበቱ? ማስተርስ ልጀምር ነው። ምን ዓይነት ላፕቶፕ ይሻለኛል? ብሬ ግን ብዙ አይደለም።" ለአንዱ መልሼ ሳልጨርስ ሌላው ይመጣል። ስለዚህ አንዴ ዘርዘር አድርጌ ጽፌ ልገላገል ብያለሁ። ይረዝማል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ከምክሩ በፊት ግን አንድ ኑዛዜ አለብኝ።

የዛሬ ስምንት ዓመት ገደማ አንድ ተማሪዬ ይህንኑ ጥያቄ ጠይቆኝ ነበር። ከክፍለ ሀገር የመጣ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲያስተምር የቆየ፣ ሚስትና ሁለት ልጆች ያሉት ሰው ነው። ኮሪደር ላይ አገኘኝና "መምህር፣ ላፕቶፕ ልገዛ ነው፤ ምን ይሻለኛል?" አለኝ። ክፍል ረፍዶብኝ እየቸኮልኩ ነበር። "ዋናው ኮር አይ ሰቨን ይሁንልህ፤ ሌላው ይደርሳል" ብዬው አለፍኩ።

እሱም እንደ ቃሌ አደረገ። ዕቁቡ ሲደርሰው ሄዶ ትልቅ፣ ከባድ፣ ኪቦርዱ የሚያበራ፣ "ኮር አይ ሰቨን" የሚል ስቲከር የተለጠፈበት ማሽን ገዛ። በኋላ ከፍቼ ሳየው አራተኛ ጄነሬሽን ነው። ውስጡ ያለው የድሮው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ነው። ባትሪው አርባ ደቂቃ አይሞላም። የተከራየበት ሰፈር መብራት ሲጠፋ ሥራውም አብሮ ይጠፋል። በሁለተኛው ዓመት ግንቦት ላይ፣ የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያስገባ ሳምንታት ሲቀሩት፣ ሃርድ ዲስኩ ቀጥ አለ። ሦስት ምዕራፍ፣ ያስገባው ዳታ፣ የቃለ መጠይቆቹ ቅጂ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ብቻ ነበር። ጥገና ቤት ለጥገና ቤት ዞርን፤ አልተገኘም።

"ሌላ ቦታ አላስቀመጥክም?" ስለው "ብሩ ላፕቶፑ ላይ አለቀ መምህር" አለኝ።

ያ ሰው ተመርቋል። ግን ከጓደኞቹ አንድ ዓመት ዘግይቶ ነው። የዚያ ዓመት የቤት ኪራይ፣ መመላለሻው፣ ሲመረቅ ይጨመርልኛል ብሎ ቤተሰቡ ሲጠብቀው የነበረው ደመወዝ፣ ራሳችሁ ደምሩት። ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም። እኔ አምስት ደቂቃ ቆሜ "ምን ልትሠራበት ነው? ስንት ብር አለህ? መብራት እንዴት ነው?" ብዬ ብጠይቀው ኖሮ ያንን ማሽን አይገዛም ነበር። እና ይህ ጽሑፍ ያኔ ያልሰጠሁት አምስት ደቂቃ ነው።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። በትንሽ ብር የምትገዙ ከሆነ "የቱ ነው ኃይለኛ ማሽን?" የሚለው ጥያቄ ራሱ ስህተት ነው። ትክክለኛው ጥያቄ "ጽሑፌን እስከ መጨረሻዋ ቀን የሚያደርስልኝ የቱ ነው?" የሚለው ነው። የእኔ መልስ ደግሞ ይኸውላችሁ፦ ያገለገለ የቢሮ ላፕቶፕ ግዙ፣ ብራችሁን በሙሉ ማሽኑ ላይ አትጨርሱ፣ የተረፈውን ጽሑፋችሁን መጠበቂያ አድርጉት።

መጀመሪያ ሥራችሁን እወቁ

ማኔጅመንት፣ ኢኮኖሚክስ፣ ሕግ፣ ትምህርት፣ ቋንቋ፣ ሶሲዮሎጂ፣ የኅብረተሰብ ጤና የምትማሩ ሰዎች፣ እስቲ በሐቀኝነት እንነጋገር። ሁለት ዓመት ሙሉ የምትሠሩት ምንድን ነው? ፒዲኤፍ ታነባላችሁ፣ ወርድ ላይ ትጽፋላችሁ፣ ኤክሴል ትነካካላችሁ፣ ዙም ትገባላችሁ፣ ክሮም ላይ ሃያ ገጽ ከፍታችሁ ትረሳላችሁ። መጨረሻ ላይ ያቺን ሁላችሁም የምታውቋትን 384 መጠይቅ ኤስፒኤስኤስ ወይም ስታታ ውስጥ ታስገባላችሁ። 384 ረድፍ ዳታ ደህና የሆነን የቢሮ ላፕቶፕ ላብ አያሳጣም! ለዚህ ሥራ የጌም ማሽን መግዛት ዳቦ ለማምጣት ሲኖትራክ መከራየት ነው።

ልዩ የሆናችሁ አላችሁ። ጂአይኤስና ሪሞት ሴንሲንግ፣ እንደ ኢታብስ ባሉ ሶፍትዌሮች የምትሠሩ የሲቪል ምህንድስና ተማሪዎች፣ አርክቴክቶች፣ ማሽን ለርኒንግ ውስጥ የገባችሁ። እናንተ 16 ጊጋ ራም ያስፈልጋችኋል፤ በእሱ አልከራከርም። ግን እናንተም ብትሆኑ ዕዳ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ጠይቁ። ማሽን ለርኒንግ የምትማሩ ልጆች፣ ጉግል ኮላብና ካግል ገደብ ቢኖረውም በነጻ ጂፒዩ ይሰጧችኋል። ኮዱ የሚሮጠው እዚያ ከሆነ የእናንተ ላፕቶፕ መስኮት ብቻ ነው ማለት ነው። የጂአይኤስ ተማሪዎች ደግሞ አርክ ጂአይኤስ ፕሮ ዊንዶውስ ላይ ብቻ እንደሚሠራ እወቁ፤ ማክ ገዝቶ የተቸገረ አይቻለሁ። ኪውጂአይኤስ ግን ነጻ ነው፣ በሁሉም ላይ ይሠራል።

ስቲከሩን አትመኑ

"ኮር አይ ሰቨን" የሚለው ስም ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ቁም ነገሩ ከኋላው ያለው ቁጥር ነው። ለምሳሌ አይ 7-7500ዩ ይላል፤ የመጀመሪያው 7 ሰባተኛ ጄነሬሽን ነው ማለት ነው። አይ 5-8250ዩ ሲል ደግሞ ስምንተኛ ነው። አሁን አስተውሉ፦ ያ "አይ ሰቨን" የተባለው ባለ ሁለት ኮር ነው፤ "አይ ፋይቭ" የተባለው ባለ አራት ኮር ነው። ሱቅ ውስጥ ግን "ሰቨን ነው እኮ!" እየተባለ የሚወደደው የመጀመሪያው ሊሆን ይችላል። እኔም ለዚያ ተማሪ የሰጠሁት ምክር ይኸው ነበር። አያችሁ?

ስምንተኛ ጄነሬሽን ላይ የምደርቅበት ሌላም ምክንያት አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 (በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14፣ 2025) አቁሟል። ማሽኑ መሥራቱን አያቆምም፤ መደበኛ የደህንነት ማሻሻያ ማግኘቱ ግን ቀረ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በስተቀር በይፋ የሚቀበለው ኢንቴል ከሆነ ከ8ኛ ጄነሬሽን ወዲህ ያሉትን ነው። ልብ በሉ፣ በአሮጌ ማሽን ላይም ዊንዶውስ 11 በዘዴ መጫን ይቻላል። ስለዚህ ሻጩ ከፍቶ "ይኸው ዊንዶውስ 11 ነው" ስላላችሁ ማሽኑ አዲስ ነው ማለት አይደለም። ቁጥሩን ራሳችሁ አንብቡ።

ብራችሁ ከዚያ በታች የሆነ ብቻ ነው የሚገዛው ብትሉኝ ደግሞ ተስፋ አትቁረጡ። ሰባተኛም ስድስተኛም ጄነሬሽን ላይ ኤስኤስዲ አስገብታችሁ፣ ኡቡንቱን የመሰለ ነጻ ሊነክስ ጭናችሁ ጥሩ ሥራ መሥራት ትችላላችሁ። ሊብሬ ኦፊስ፣ ዞቴሮ፣ አር፣ ጃስፕ ሁሉም እዚያ ላይ ነጻ ናቸው። ለመልመድ ሁለት ሳምንት ይፈጅባችኋል፤ በቃ።

ታዲያ የቱን?

የሌኖቮ ቲንክፓድ፣ የዴል ላቲቲዩድ፣ የኤችፒ ኤሊትቡክ ወይም ፕሮቡክ። እነዚህ ለድርጅቶች ታስበው የተሠሩ ናቸው። በውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች በጅምላ ገዝተው ጥቂት ዓመታት ከተጠቀሙ በኋላ በአንድ ጊዜ ይቀይሯቸዋል። ገበያው ላይ "ስላይትሊ ዩዝድ" እየተባሉ የምታገኟቸው በብዛት እነሱ ናቸው። አያምሩም፤ ጥቁርና ግራጫ ናቸው። ግን ኪቦርዳቸው ለሚጽፍ ሰው የተሠራ ነው፣ አብዛኞቹ በብሎን ይከፈታሉ፣ መለዋወጫ ይገኝላቸዋል፣ ጠጋኞቻችንም ያውቋቸዋል።

ዝቅተኛው መስፈርቴ ይህ ነው፦ 8ኛ ጄነሬሽን አይ 5፣ 8 ጊጋ ራም (በኋላ ወደ 16 ማሳደግ የሚቻል ቢሆን ይመረጣል፤ አንዳንድ ቀጫጭኖች ራማቸው ቦርዱ ላይ ስለተበየደ አይጨመርም)፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ፣ 14 ኢንች ፉል ኤችዲ ስክሪን።

"ያገለገለ ዕቃ ቁማር ነው፤ ትንሽም ብትሆን አዲስ ልግዛ" የምትሉ አላችሁ። ስጋቱ ይገባኛል። ነገር ግን በዚያ ብር የምታገኙት አዲስ ምን እንደሆነ እዩት። ብዙ ጊዜ ሴሌሮን ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋ ራም፣ 64 ጊጋ ማከማቻ ነው። ካርቶኑ ታሽጓል፣ ላስቲኩ አልተላጠም፣ ያምራል። ከዚያ ወርድና ክሮም አንድ ላይ ስትከፍቱ ይንተፋተፋል። በስድስት ወር ደግሞ "ቦታ የለኝም" ይላችኋል። አዲስነቱ የሚቆየው ላስቲኩ እስኪላጥ ድረስ ነው።

ስለ ማክ ብዙ ትጠይቁኛላችሁ። ኤም 1 ፕሮሰሰር ያለው ማክቡክ ኤር ባትሪው ያኮራል፤ አልዋሽም። ግን ራሙም ማከማቻውም አይጨመርም፣ ከተበላሸ ጥገናው ውድ ነው። ብር የተረፈው ይግዛ።

ዋጋ አልጽፍም። ሐምሌ 2016 የምንዛሪው ሥርዓት ሲቀየር 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ሲያልፍ ሁላችንም አይተናል፤ ዛሬ የምጽፈው ዋጋ ነገ ያሳስታችኋል። በድርሻ ግን ልንገራችሁ። ያላችሁን ብር አሥር ቦታ ክፈሉት። ሰባቱ ለማሽኑ። አንዱ ለሚያስፈልገው ማሻሻያ፣ ባትሪ ወይም ራም። አንዱ ለውጫዊ ዲስክ። የመጨረሻው አንድ በእጃችሁ ይቆይ፤ ቻርጀር ይቃጠላል፣ ሻይ ይፈስበታል። ለመረጃ መሰብሰቢያ፣ ለፕሪንትና ለጥራዝ የሚሆነውን ብር ደግሞ ጨርሶ አትንኩት። ላፕቶፕ ገዝቶ መጠይቅ መበተኛ የትራንስፖርት ብር ያጣ ተማሪ አውቃለሁ።

ሱቅ ውስጥ

መገናኛም ሂዱ፣ ቦሌም፣ መርካቶም፤ በቀን ሂዱ፣ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፣ አትቸኩሉ። ቴሌግራም ቻናል ላይ ፎቶ አይታችሁ ቀብድ አትላኩ። ማሽኑን ስታገኙ፦

1ኛ. ቻርጀሩን ንቀሉ። እዚያው ቁጭ ብላችሁ ግማሽ ሰዓት በባትሪ ሥሩበት፣ ቪዲዮ ክፈቱበት። ዊንዶውስ የባትሪ ሪፖርት የሚያወጣ ትዕዛዝ አለው፤ አሠራሩን ቀድማችሁ ዩቲዩብ ላይ ተመልከቱ። ሪፖርቱ ባትሪው ሲሠራ የነበረውን አቅምና የአሁኑን ጎን ለጎን ያሳያል። የአሁኑ ከግማሽ በታች ከሆነ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ቀንሱልኝ በሉ።

2ኛ. ታስክ ማናጀርን ከፍታችሁ ፕሮሰሰሩን፣ ራሙንና ዲስኩን ራሳችሁ አንብቡ። ሻጩ የነገራችሁን ሳይሆን ማሽኑ የሚናገረውን እመኑ።

3ኛ. አጥፍታችሁ እንደገና አስነሱትና ባዮስ ውስጥ ግቡ (ዴል ላይ ኤፍ 2፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 10፣ ቲንክፓድ ላይ ኤፍ 1)። የይለፍ ቃል ከጠየቀ ተዉት። የድርጅት ማሽን ስለነበረ ተቆልፎ የቀረ ሊሆን ይችላል፤ ያ ቁልፍ አንድ ቀን መከራ ያሳያችኋል።

4ኛ. ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የምትባል ነጻ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፤ የዲስኩን ጤንነት ትነግራችኋለች።

5ኛ. ኪቦርዱን ፊደል በፊደል ምቱት። ካሜራ፣ ማይክ፣ ዋይፋይ፣ የዩኤስቢ ቀዳዳዎች፣ ማጠፊያው። ስክሪኑን ነጭ አድርጋችሁ ነጠብጣብ ፈልጉ።

6ኛ. ደረሰኝ ተቀበሉ፤ የመመለሻ ቀኑ በጽሑፍ ይሁን። "ችግር የለም፣ እኛ እዚሁ ነን" የሚባለው ዋስትና አይደለም።

የሚያፍር ሰው ካለ ልንገረው፦ ይህን ሁሉ ስትፈትሹ የሚቆጣ ሻጭ ካጋጠማችሁ ጥሩ ምልክት ነው፤ ውጡ። በይሉኝታ የተገዛ ላፕቶፕ ሁለት ዓመት ያናድዳል።

ውጭ አገር ወንድም ወይም እህት ያላችሁ ደግሞ "ላፕቶፕ ላኩልኝ" ብቻ አትበሉ። ያላችሁት ይህ ብቻ ከሆነ እነሱም በቅናሽ ያገኙትን አዲስና ደካማ ማሽን ይገዙላችኋል፤ ደክመው ያገኙትን ብር ነው። የሞዴሉን ስም ጽፋችሁ ላኩላቸው፤ አሜሪካም አውሮፓም የታደሱ የቢሮ ላፕቶፖች በተመጣጣኝ ዋጋ ይሸጣሉ። የላፕቶፕ ቻርጀር በአብዛኛው ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል ትራንስፎርመር አያስፈልገውም፤ ሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃል። ከጀርመንና ከፈረንሳይ የሚመጣው የፊደል አቀማመጡ እንደሚለይ አስቡበት። የሚያመጣላችሁ ሰውም በእጅ ሻንጣው ይያዘው እንጂ ካርጎ ውስጥ አይክተተው።

መብራት

ለእኛ አገር ተማሪ ከፕሮሰሰር ይልቅ ባትሪ ይበልጣል። ለምሳሌ ቲንክፓድ ቲ 480 የሚባለው ሁለት ባትሪ አለው፤ አንዱ ከውስጥ፣ ሌላው ከውጭ የሚነቀል። ማሽኑ ሳይጠፋ የውጪውን መቀየር ይቻላል። በታይፕ ሲም ቻርጅ ይደረጋል። እኔ የማውቃት አንዲት ተማሪ ይህንኑ ማሽን በዕቁብ ብር ገዝታ፣ ቀን ዩኒቨርሲቲ ሁለቱንም ባትሪ ሞልታ፣ ማታ መብራት ቢኖርም ባይኖርም ትጽፍ ነበር። ክፍል ውስጥ "ይቺ የአያትሽ ናት?" እያሉ ይስቁባት ነበር። ከሳቁት ቀድማ አስገባች።

ሳይቃጠል በቅጠል

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። ማንኛውም ማሽን ይሞታል። የሦስት ሺህ ዶላሩም ይሞታል፤ ይሰረቃል፤ ታክሲ ውስጥ ይረሳል። ጽሑፋችሁ ግን መሞት የለበትም።

ስለዚህ ሦስት ቦታ። አንዱ ላፕቶፑ ላይ። አንዱ ውጫዊ ዲስክ ላይ፤ እሱም ከላፕቶፑ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ አይቀመጥ፣ ሌባ ሁለቱንም ይወስዳል። አንዱ ኢንተርኔት ላይ። ጉግል ድራይቭ 15 ጊጋ በነጻ ይሰጣል፤ የማስተርስ ጽሑፍ ከነዳታው ብዙውን ጊዜ ከዚያ ያንሳል። እሱም ከከበዳችሁ ማታ ማታ ፋይሉን ለራሳችሁ በቴሌግራም ላኩት፤ ስሙ ላይ ቀኑን ጻፉበት። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። መጠይቃችሁን በኮቦ ቱልቦክስ በስልክ ከሰበሰባችሁ ደግሞ ዳታው ወደ ሰርቨሩ ሲላክ እዚያ ይቀመጥላችኋል።

ፕሪንት ቤት ፍላሽ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ቫይረስ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። ፒዲኤፍ አድርጋችሁ በቴሌግራም ላኩላቸው። ክራክ የተደረገ ሶፍትዌርም እንደዚያው ነው፤ ነጻ አማራጭ እያለ በጽሑፋችሁ አትቆምሩ።

ለሥራ ባልደረቦቼ

ይህንን የምጽፈው በተማሪው ጫንቃ ላይ ሁሉን ለመጫን አይደለም። እኛ መምህራንም ድርሻ አለን። ተማሪ ሲመዘገብ የትኛው ሶፍትዌር እንደሚያስፈልገው፣ ዝቅተኛው የኮምፒውተር መስፈርት ምን እንደሆነ በአንድ ገጽ ጽፎ መስጠት ምን ይከብዳል? ብር አይጠይቅም። ተማሪው ግን ሳያውቅ ገዝቶ በሁለተኛው ሴሚስተር "ይህ ሶፍትዌር እዚህ ላይ አይሠራም" ሲባል ይደነግጣል።

ሁለተኛ፣ "ውጤቱ በኤስፒኤስኤስ ካልሆነ አልቀበልም" የሚለውን እንተወው። አንድን ሪግሬሽን ጃስፕም አርም በትክክል ይሠሩታል። የምናርመው ትንታኔውን ነው ወይስ የሶፍትዌሩን መልክ? ሦስተኛ፣ የኮምፒውተር ላብ ቅዳሜና እሑድ ይከፈት፤ ሠርቶ የሚማር ሰው የሚመጣው ያኔ ነው። አራተኛ፣ የመጀመሪያው የማማከር ቀጠሮ ላይ ስለ ርዕስ ከመነጋገራችን በፊት "ፋይልህ ስንት ቦታ አለ?" ብለን እንጠይቅ። እኔ ስምንት ዓመት ዘግይቼ ነው የጀመርኩት።

አበው "ከመጠምጠም መማር ይቅደም" ያሉት ላፕቶፕን አያውቁም ነበር፤ እኛን ግን ያውቁን ነበር። ክፍል ውስጥ የሚያበራ ኪቦርድ የዘመናችን ጥምጥም ነው። ማንም ሰው የመመረቂያ ጽሑፉን ሲያቀርብ ፈታኞቹ "በምን ማሽን ጻፍከው?" ብለው ጠይቀውት አያውቁም።

ያ ተማሪዬ አሁንም ያስተምራል። ባለፈው ደውሎልኝ ሲጫወት አንድ የሥራ ባልደረባው ማስተርስ ሊጀምር ስለሆነ ላፕቶፕ ሊገዛ ምክር እንደጠየቀው ነገረኝ። "ምን አልከው?" አልኩት። "መጀመሪያ ውጫዊ ዲስኩን ግዛ፤ ከዚያ በተረፈህ ብር ላፕቶፕ ፈልግ አልኩት" አለኝና ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ግን ትንሽ አመመኝ።

ጥያቄ ያላችሁ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። የትምህርት ክፍላችሁን፣ የምትጠቀሙበትን ሶፍትዌርና የሰፈራችሁን የመብራት ሁኔታ አብራችሁ ጻፉ፤ ያኔ ነው በቅጡ መመለስ የምችለው። ልምድ ያላችሁም አካፍሉ፤ የተሳሳትኩት ካለ አርሙኝ። ሊገዛ ያሰበ ወዳጅ ያላችሁ ብሩን ከመክፈሉ በፊት ሼር አድርጉለት።

መልካም የትምህርት ጊዜ ይሁንላችሁ። አሁን ይህንን እንዳነበባችሁ ፋይላችሁን ለራሳችሁ ላኩ።